ተሰክቶ የጠፋው ዲስክ

ሰው ጠፋ ሲባል ያስደነግጣል፤ ዕቃ ጠፋ ሲባል ያናድዳል። ዓይናችሁ ሥር ቁጭ ያለ ነገር «የለም» ሲባል የሚሰማው ስሜት ግን ምን ተብሎ እንደሚጠራ እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም። ስሜቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ትሄዳላችሁ፤ የምትፈልጓቸው ኃላፊ በመስኮቱ መስታወት በኩል ሻያቸውን ሲያማስሉ ይታዩአችኋል፤ ዘበኛው ግን «አልገቡም» ይላችኋል። እናንተ ዘበኛውን ታያላችሁ፣ ዘበኛው እናንተን ያያል፣ ከዚያ ሁለታችሁም ሻዩን ታያላችሁ። በመጨረሻ «እንግዲያው ነገ እመለሳለሁ» ብላችሁ፣ ጭራሽ ዘበኛውን አመስግናችሁ ትሄዳላችሁ።

ማሽን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም ብዬ አምን ነበር። ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም የሚል፣ ሻይ የማይጠጣ፣ የሚያፍረው ዘመድ የሌለው ነገር ይመስለኝ ነበር። አያ ጥጋቡ ከኮሶዬ እስኪመጡ ድረስ ማለቴ ነው።

እሳቸውን ከማስገባቴ በፊት ቤቱን ላሳያችሁ። ጎንደር ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በስስ ጣውላ ለሁለት የተከፈለ አንድ ክፍል አለ። በሩ አንድ ነው። ገብታችሁ ወደ ግራ ከዞራችሁ እኔን ታገኛላችሁ፤ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ስማቸው በመታወቂያቸው ላይ አንድ ዓይነት፣ በካርታቸው ላይ ሌላ ዓይነት የተጻፈባቸውን ሰዎች አጽናናለሁ። ወደ ቀኝ ከዞራችሁ ኑሪያ አለች። ኑሪያ ሠርግ ትቀርጻለች።

ኑሪያ የነጋዴ ልጅ ናት። አያቷም፣ አባቷም፣ ወንድሞቿም በጎንደር ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ደንበኛ ገና ከሩቅ ሲታያቸው የሚለብሰውን ቀለም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እሷ ካሜራ ገዛሁ ስትል አባቷ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር አሉ፤ ልትሸጠው መስሏቸው። ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ሠርግ ቤት ስትሄድ ባዩዋት ጊዜ ግን ለብዙ ሳምንት ዝም አሏት። ደንበኞቿም መጀመሪያ ላይ «ወንድ የለም ወይ?» እያሉ ያስቸግሯት ነበር። ኋላ ግን አንድ ነገር ተገለጠላቸው። ሙሽራዋ የምትለብስበት ክፍል ወንድ ካሜራ ይዞ አይገባም፤ ኑሪያ ትገባለች። ከዚያ ወዲህ ጥር በመጣ ቁጥር ከአይከል እስከ ኮሶዬ የሚደገሰው ሁሉ ለእሷ የሚደገስ እስኪመስል ድረስ ሥራ በዛላት።

የሠርግ ቪዲዮ እንዴት እንደሚሠራ ባታውቁ እንኳ እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ሙሽራዋ ከልብ ቅርጽ ውስጥ ብቅ ትላለች። ጽጌረዳ ይዘንባል። ሙሽሮቹ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው እጅግ በዝግታ ይሮጣሉ፤ ከምን እንደሚሸሹ አይታወቅም። ዳሱ ውስጥ ካሜራው ሲጠጋ፣ ሲበላ የነበረው ሰው ሁሉ ማጉረስ ይጀምራል፤ ሰላምታ ከተነፋፈጉ የከረሙ ጎረቤታሞች ሳይቀሩ በመብራቱ ፊት ይጎራረሳሉ። ከላዩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘፈን ይጫንበታል። የሰዉ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን የለም። ያላማረው፣ ያዛጋው፣ ያነጠሰው፣ ካሜራዋን «ዞር በይ» ያለው፣ ሁሉም ተቆርጦ ይወጣል። ደንበኛ የሚፈልገው ይህን ነው፤ ኑሪያም የምትሰጠው ይህንኑ ነው።

ያልተቆረጠውን፣ ጥሬውን ቀረጻ ግን አትጥልም። የኮምፒዩተሩ ሆድ ስለማይችለው መዳፍ የምታህል ጥቁር ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዛች። ኢንጂነር ያሬድ ደግሞ ባክአፕ የሚያደርግ ፕሮግራም ጫነላት። ያሬድ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ነው። ኢንጂነር ያሉት ሰዎች ናቸው፤ እሱም «አይደለሁም» ማለት ሰልችቶት ተወው። ፕሮግራሙ ቀረጻውን ሁሉ በራሱ አቋጣጠር ቋጥሮ ዲስኩ ውስጥ ያስቀምጣል፤ የቋጠረውንም የሚፈታው እሱ ራሱ ብቻ ነው። ያኔ ያሬድ ይህን ሲነግረን ጥሩ ነገር መስሎን ራሳችንን ነቀነቅን።

ከመስቀል በኋላ ነው፣ ጭቃው ደረቅ ማለት ሲጀምር። አያ ጥጋቡ በራችን ላይ ቆሙ። ረዘም ያሉ፣ ጋቢያቸውን ያጣፉ፣ ዱላቸውን ውጭ ላቁመው ወይስ ይዤው ልግባ ብለው ያመነቱ ሰው ናቸው። በእጃቸው ፌስታል፣ በፌስታሉ ውስጥ ሲዲ ይዘዋል። ኑሪያ ወዲያው አወቀቻቸው። ባለፈው ጥር ኮሶዬ ላይ የተዳረችው የማስተዋል አባት ናቸው። ተነሥታ ወንበር ሰጠቻቸው፤ የእህሉን፣ የከብቱን፣ የልጅቱን፣ የአማቹን ደኅንነት በየተራ ጠየቀች። ባለቤታቸው ጋ ስትደርስ አያ ጥጋቡ ፌስታላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

«እናኑማ ክረምት ላይ አረፈች» አሉ።

ኑሪያ ነፍስ ይማር አለች። እኔም ከጣውላው ማዶ ነፍስ ይማር አልኩ። በስስ ጣውላ የተከፈለ ቤት ለሐዘንም ለደስታም አንድ ነው።

ከዚያ ነገሩን ረጋ ብለው አወሩት። ልጃቸው ማስተዋል አዘዞ ነው የምትኖረው። የእናቷ አርባ ከወጣ በኋላ ዘመድ ጎረቤቱ ቤቷ ተሰብስቦ ሳለ፣ «እስቲ እናቴን ልያት» ብላ የሠርጓን ሲዲ ከፈተች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዩት። እናኑ የለችም። አንድ ቦታ ላይ ጀርባዋ ያለፈ መስሏቸው መልሰው ቢያዩት፣ የእህቷ ጀርባ ነው፣ የለም የእሷ ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ልጅቱ አልቅሳ ዘጋችው።

«ሠርጉ ሸጋ ነው» አሉ አያ ጥጋቡ። «እኔም አለሁ። በቅሎዋም አለች። እናኑ ናት የሌለች።»

ሌላ ፎቶ እንደሌላቸው ኑሪያ ጠየቀቻቸው። የቀበሌ መታወቂያዋ አለ አሉ፤ መታወቂያው ላይ ያለችው ግን እሷን አትመስልም። ይህን እንኳ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ሁላችንም መታወቂያችን ላይ የተያዝን እንጂ የተነሣን አንመስልም።

የመጡት ለክስ እንዳይመስላችሁ። ቁጣ የሚባል ነገር አልነበረባቸውም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የሌለች መሆኗን አረጋግጠው ለልጃቸው «ጠይቄ መጣሁ» ለማለት ብቻ የመጡ ነበር የሚመስሉት። ኑሪያ ግን የሰጠቻቸው የተመረጠው ብቻ መሆኑን፣ ጥሬው ቀረጻ ከእሷ ዘንድ እንዳለ፣ እዚያ ውስጥ አንድ ቦታ እናኑ ሳትኖር እንደማትቀር ነገረቻቸው። ይህን ስትናገር ጥቁሩን ዲስክ ከመሳቢያ አውጥታ ገመዱን ሰካች። ዲስኩ ላይ ያለችው ሰማያዊ መብራት ቦግ፣ እልም፣ ቦግ፣ እልም ማለት ጀመረች።

ኑሪያ ባክአፑን ከፈተች። ፕሮግራሙ ጥቂት አሰበና በእንግሊዝኛው፣ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ እንዲህ የሚል ነገር አወጣ፤ «የባክአፕ ዲስክዎ አልተገኘም። እባክዎ ዲስኩን ይሰኩ።»

ተሰክቷል። መብራቱ እየበራ ነው። ነቀለችው፤ ሰካችው። «አልተገኘም። እባክዎ ይሰኩ።»

ከጣውላው ማዶ «ጋሼ፣ እስቲ ና» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ታይፕ የሚመታ ሰው ሁሉ የኮምፒዩተርን ሆድ ዕቃ ያውቃል ተብሎ ይታሰባል፤ አውቶቡስ የተሳፈረ ሁሉ ሞተር ይፈታል እንደማለት ነው። ሄድኩ። ያደረግሁትንም እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም እናንተም የምታደርጉት ይህንኑ ነው። ነቅዬ ሰካሁት። ነቅዬ እፍ ብዬበት ሰካሁት። ገመዱን በሌላኛው ወገን ገልብጬ ለመሰካት ሞክሬ አልገባ ሲለኝ መልሼ እንደነበረው ሰካሁት። ከዚያ ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ይህ የመጨረሻው እውቀቴ ነው። «አልተገኘም። እባክዎ ይሰኩ።»

አያ ጥጋቡ አንዴ እኛን፣ አንዴ መብራቷን ሲያዩ ቆይተው «ምነው ልጄ፣ ጠፋ?» አሉ።

«አልጠፋም፣ አያ ጥጋቡ። ይኸው እዚህ ነው» አለች ኑሪያ።

«ማነው ታዲያ የጠፋ የሚለው?»

«ኮምፒዩተሩ።»

ዲስኩን አዩት። ኮምፒዩተሩን አዩት። ከዚያ ዱላቸውን ከጉልበታቸው ጋር አስደግፈው ተደላድለው ተቀመጡ። ይህ ዓይነቱ ጉዳይ ጊዜ እንደሚወስድ በብዙ መስኮት ፊት ቆመው የተማሩ ሰው ናቸው።

እስከዚያው ወሬው ደጅ ወጥቶ ኖሮ፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ብቅ እያለ ምርመራውን ሰጠ። አንዱ ቫይረስ ነው አለ። ሌላው ቫይረስ ነው፣ ግን ተራ ቫይረስ አይደለም አለ። ከእኛ ጎን ሱሪ የሚሸጠው ጎረቤታችን ዲስኩ ሙቀት ስለሚፈራ ነው አለ፤ የባጃጅ ሾፌሩ ብርድ ስለሚፈራ ነው አለ፤ ሁለቱ በር ላይ ቆመው ሲከራከሩ ቆዩ። በዚህች ከተማ ኮምፒዩተርና ጉበት የማያክም ሰው የለም።

ኑሪያ ለያሬድ ደወለችለት። ያሬድ ገብቶ አያ ጥጋቡን እጅ ነሣ፣ ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለ፣ ነገሩን ከሥሩ ጠየቀ። ጥሩ ሰው ነው። ከብዙ ባለሙያዎች የሚለየው ማሽኑን ከመንካቱ በፊት ሰዎቹን ማዳመጡ ነው። ዲስኩን ከኮምፒዩተሩ ፊት ነቅሎ፣ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ፣ አቧራውን በእጁ ጠርጎ ከጀርባው በኩል ሰካው። ከፊት ያለው መሰኪያ ኃይሉ ደካማ ስለሆነ መብራቷን ከማብራት በቀር ዲስኩን ማንቀሳቀስ እንዳቃተው አስረዳን። እውነትም ወዲያው ዲስኩ መዞር ጀመረ። ድምፁ ይሰማል። ኮምፒዩተሩም «አንድ ዲስክ ተገኝቷል» አለ። ኑሪያ ተነፈሰች። አያ ጥጋቡም እኛን አይተው ተነፈሱ።

ባክአፑ ግን አልተነፈሰም። «አልተገኘም።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ማለቴ፣ ነገሩ የሚመስለው ነገር የገባኝ። አንዱ ቢሮ አለ ያለውን ሌላው ቢሮ የለም ይላል፤ ሁለቱም በአንድ ሕንፃ ውስጥ ናቸው። ያሬድ ገመዱን ለወጠ። ዲስኩን ወደ እኔ ኮምፒዩተር ወስዶ ሰካው፤ እዚያም አለ። ውስጡን ሲከፍተው ግን የሚታየው ፕሮግራሙ የቋጠራቸው፣ ስማቸው ቁጥርና ሰረዝ ብቻ የሆኑ ድፍን ነገሮች ናቸው። ሠርጉ እዚያ ውስጥ ነው። እናኑም ካለች እዚያ ውስጥ ናት። የሚፈታት ግን አላያትም የሚለው ፕሮግራም ነው።

መልሶ ኑሪያ ጋ ወሰደና ፕሮግራሙን ራሱን ሲነካካ ቆየ። በመጨረሻ አዲስ ነገር ብቅ አለ። ያሬድ ፊቱ በራ። ፕሮግራሙ «አዲስ ዲስክ አግኝቻለሁ፤ ለባክአፕ ላዘጋጀው?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ሁሉ «የለም» በኋላ አገኘሁ ሲባል ማን ይጠራጠራል! እኔ ብሆን ሁለት ጊዜ ነበር «እሺ» የምለው። ያሬድ ማውሱን ወደ «እሺ»ው ወሰደ።

«ቆይ» አለች ኑሪያ። «አዲስ ሲል፣ ያለውንስ?»

ያሬድ ጣቱን ከፍ እንዳደረገ ቀረ። ከጥያቄው በታች በደቃቃ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር ነበረች። ጎንበስ ብሎ አነበባት። እንደገና አነበባት። ዲስኩ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ይጠፋል ነው የምትለው። እጁን ከማውሱ ላይ አንሥቶ ብብቱ ሥር ከተተ፤ ሳያውቀው እንዳይነካው ይመስላል። አያ ጥጋቡ ምን እንደሆነ አልተረዱም፤ የሦስታችንን ፊት አይተው ግን ዱላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

ይህን ጊዜ መብራት ሄደ።

ጎንደር ላይ መብራት መሄዱ ወሬ አይደለም፤ ያን ዕለት ግን እንደ ውለታ ነው የቆጠርነው። ሁላችንም ከስክሪኑ ዞር ብለን ሰው ማየት ጀመርን። ኑሪያ ሻይ አስመጣች። ያሬድ አንገቱን ደፍቶ ያስባል። እኔም አያ ጥጋቡን ስለ ባለቤታቸው ጠየቅኋቸው፤ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ።

እናኑ መቀመጥ የማትወድ ሰው ነበረች አሉ። በሠርጉ ሰሞን እንጨቱም፣ ውኃውም፣ ድስቱም፣ ሰዉም በእሷ ትእዛዝ ነበር የሚንቀሳቀሰው። እሳቸው ከእንግዶቹ ጋር ዳሱ ውስጥ ተቀመጡ፤ የሙሽራ አባት ናቸው፣ ወግ ነው። እሷ ከጓዳው ወገን ነበረች። ብርጭቋቸውን ሻዩ ሳያልቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እውነቱን ልንገርህ» አሉኝ። «ያን ቀን እኔም አላየኋት። ነገ እናወጋዋለን እያልን፣ በማግሥቱ መልሱ፣ ከዚያ ቅልቅሉ፣ ከዚያ እርሻው መጣ። ልጅቱ እናቴን ልያት ትላለች። እኔም እኮ ላያት ነው የመጣሁ።»

 

መብራቱ ሲመጣ ያሬድ ቀና ብሎ ኑሪያን አንድ ነገር ጠየቃት። ከጥር ወዲህ ኮምፒዩተሩ ላይ ሰክታ የተወችው አዲስ ዕቃ አለ ወይ? ኑሪያ አሰበች። የካሜራውን ካርድ የምታነብበት ትንሽ መሣሪያ ገዝታለች፤ ከጀርባ ተሰክታ ነው የምትውለው፤ ጭራሽ መኖሯንም ረስታታለች። ያሬድ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ለተሰካበት ዕቃ ሁሉ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ይሰጣል፤ ቀበሌ የቤት ቁጥር እንደሚሰጠው በሉት። ባክአፑ ዲስኩን የሚያውቀው በመልኩ ወይም በውስጡ ባለው ነገር አይደለም፤ በዚያች ፊደል ብቻ ነው። ዲስኩ መሳቢያ ውስጥ ሲከርም፣ ይቺ ትንሽ መሣሪያ መጥታ ፊደሉን ወሰደችበት። ዲስኩ ሲመለስ ሌላ ፊደል ተሰጠው። ባክአፑ የለመደውን በር ያንኳኳል፣ ሌላ ሰው ይከፍትለታል፣ «የምፈልገው የለም» ብሎ ይመለሳል። ጎረቤት መጠየቅ የሚባል ነገር አልተማረም።

ያሬድ መሣሪያዋን ነቀላት፤ ለዲስኩ የድሮ ፊደሉን መለሰለት፤ ፕሮግራሙን ከፈተው። ቀኑን ሁሉ ሲክደን የዋለው ፕሮግራም ይቅርታ ሳይል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ የጥርን ሠርጎች በየቀናቸው ደርድሮ አቀረበ። ኑሪያ የኮሶዬውን መረጠችና «መልስ» አለችው። መመለሱ ጊዜ ወሰደ። አያ ጥጋቡ መኪናው ካመለጣቸው አዘዞ ልጃቸው ጋ እንደሚያድሩ ነገሩንና አልቸኮሉም።

ጥሬ ቀረጻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከሠርጉ የተሻለ ነው። ሰዉ ካሜራ መኖሩን ከማወቁ በፊት ያለው ጊዜ ሁሉ አለበት። አንድ ሽማግሌ የሚመርቁትን ምርቃት ግድግዳ ፊት ቆመው ይለማመዳሉ። አንዱ ሚዜ ጫማው ጠቦት በስውር ያወልቃል። በቅሎዋ የዳሱን ቅጠል ትበላለች። አያ ጥጋቡ እያንዳንዱን ሰው በስሙ እየጠሩ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ እየነገሩን አብረን አየን። እናኑ የለችም። ኑሪያ ወደፊት ታሳልፋለች፣ ታቆማለች፣ ታሳልፋለች። እኔ እንኳ በልቤ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ከዚያ ምስሉ ድንገት ተንገዳገደና በጎኑ ተኛ። ካሜራው አንድ ነገር ላይ ተቀምጧል፤ ኑሪያ ማጥፋቷን ረስታለች። መሬቱ በግራ በኩል ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። የተከመረ እንጨት፣ የድስት ጎን፣ የሁለት ሴቶች እግር ይታያል። አንደኛው ጥንድ የኑሪያ የስፖርት ጫማ ነው። ሌላኛው እግር ፈጠን ፈጠን ይላል። ድምፅ መጣ።

«ምነው አንቺ፣ ሠርግ ቤት መጥተሽ ብስኩት ትበያለሽ? ሰው ምን ይለኛል?»

የኑሪያ ድምፅ በሐፍረት ቀጭኖ፣ እስላም ስለሆነች ሥጋውን እንደማትበላ ይናገራል። ለእስላም ጎረቤቶች ለብቻ የሚታረድና የሚዘጋጅ እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ካሜራ ለያዘችው ግን ማን አስቦ።

«ታዲያ አፍ የለሽም? ከማለዳ ጀምሮ ስትሮጪ አይቼሻለሁ። ቁጭ በይ እዚህ። በይ ቁጭ በይ። ሥጋ ያልነካው ድስት አለኝ።»

አያ ጥጋቡ አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው አዘነበሉ፤ በጎኑ የተኛውን ለማየት። ሳናውቀው እኛም አዘነበልን። ፎቶ ኮፒ ፈልጎ የገባ አንድ ሰው አራት ሰው አንገቱን አጋድሞ ሲያይ ጊዜ እሱም አጋድሞ ቆመ።

የቀሚስ ጫፍ ይታያል፤ ውኃ ሲቀዳ፣ ሽሮ ሲዘገን፣ እንጨት ሲገፋ ይታያል። ከዚያ እሳቱን እፍ ለማለት ጎንበስ አለች፤ ፊቷ ሙሉ ምስሉ ውስጥ ገባ። ሰፊ ግንባር ያላት፣ ጢሱ ያስለቀሳት፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች አሁንም የምታወራ ሴት ናት። ሚዜዎቹን ታማለች። ሽንኩርት አነሰ ትላለች። «ደግሞ ጥጋቡን አይተሽዋል?» ትላለች። «እንጨት አምጣ ብዬው ሄደ። ይኸው ከሽማግሌ ጋር ተቀምጦ ይጫወታል። ስፈልገው የለም፣ ሳልፈልገው ከእግሬ ሥር ነው። ደጉን ሰው እንዲህ አድርጎ ሰጠኝ እንግዲህ፣ ብዪ እንጂ፣ ምን ታዪኛለሽ? ብዪ።»

ኑሪያ እጇን አፏ ላይ ጭና ስክሪኑን ታያለች። ሽሮዋን በልታ፣ እጇን ታጥባ፣ ካሜራዋን አንሥታ ወደ ዳሱ ስትመለስ ምስሉ ቀና አለና እናኑ ወጣች። በኋላ እንደነገረችን መብላቷን አልረሳችውም ነበር፤ ካሜራው በርቶ መቆየቱን ግን አሁን ገና ነው ያወቀችው። ስትቆርጥ በጎኑ የተኛውን ሁሉ ሳታየው ነው የምታወጣው፤ ደግሞም ዘፈን ሲጫንበት ድምፁ አይሰማም።

አያ ጥጋቡ እንደገና እንድታሳያቸው ጠየቁ። እንደገና አዩ። ያሬድ ምስሉን ማቃናት እንደሚቻል ነግሯቸው በአንድ ጊዜ አቃናው። እናኑ በእግሯ ቆመች። በዚህኛው ጊዜ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩዋት፤ ስለ እሳቸው የምትናገረው ላይ ሲደርስ በአፍንጫቸው የወጣው ነገር ሳቅ ይሁን ሌላ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር።

«እሷ ናት» አሉ።

ኑሪያ በሁለት ሲዲ ልትቀዳላቸው ተዘጋጀች፤ አንዱ ለኮሶዬ፣ አንዱ ለአዘዞ። ማውሱን ይዛ ትንሽ አመነታች። አዘዞ ላይ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚያየው፤ አማቾችም ይኖራሉ። ስለዚህ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«አያ ጥጋቡ፣ ስለ እርስዎ የምትለውን ልቁረጠው?»

አያ ጥጋቡ ገረማቸው።

«እሱን ከቆረጥሽው ምኗ ይቀራል?» አሉ።

ሳትቆርጥ ቀዳችላቸው። ሁለቱን ሲዲ በፌስታላቸው፣ ፌስታሉን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ ሁላችንንም በየተራ መርቀው ወደ አዘዞ ሄዱ። ያሬድ ባክአፑን ዲስኩን በሌላ ምልክት እንዲያውቀው አድርጎ አስተካከለው፤ ትንሿ መሣሪያም ሌላ ፊደል ተሰጣት። ሱሪ የሚሸጠው ጎረቤታችን ቫይረስ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ የማስረዳት አቅም ስላልነበረኝ አዎ አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ኑሪያ ሠርግ ስትሄድ ጓዳም ትገባለች። ወጡን፣ ጢሱን፣ የሚጯጯኹትን ሴቶች ትቀርጻለች፤ ጥቂቱንም ከነድምፁ ቪዲዮው መሐል ታስገባለች። ደንበኞቹ ቪዲዮውን አይተው በሳምንቱ ይመለሳሉ። «ይህን የጓዳውን ነገር አውጪልን፤ ሰው ምን ይላል?» ይሏታል። ከሁሉ ቀድመው የሚመጡት ደግሞ እናቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ «እባክሽ ልጄ፣ እኔን አውጪኝ፣ በሥራ ልብስ ነኝ፣ አላማረብኝም» ይሏታል። ኑሪያም እሺ ብላ ታወጣቸዋለች። ምን ታድርግ፤ ደንበኞች ናቸው። ደግሞም በሕይወት አሉ።